ሽንቱን አይታችኋል?

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሽንት ነው። ማዕድ ቀርቦ የሚነሳ ወሬ አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ገና ዓይኑን ያልገለጠ ልጅ ነፍሱ በሽንቱ ላይ ተንጠልጥላ ስትገኝ አፍሮ ዝም ማለት ማንንም አይጠቅምም።

አሰላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አዳማን ለቃችሁ በዴራ፣ በኢተያ፣ በጎንዴ፣ በቁሉምሳ ሽቅብ ስትሉ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፤ የስንዴና የገብስ ማሳ ግራ ቀኙን ይይዛል፤ ከ4000 ሜትር በላይ የቆመው ጭላሎ ጉም ለብሶ ይቀበላችኋል። ከአሰላ አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ ሳጉሬ አለች፤ ከዚያም በቆጂ፣ የነደራርቱ፣ የነቀነኒሳ፣ የነጥሩነሽ አገር። እዚያ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ይህን ብርድ ያዙልኝ፤ ኋላ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ታዩታላችሁ።

አሁን ከበቆጂ ከፍ ብሎ ካለ ቀበሌ አንዲት ነፍሰ ጡር ላቁምላችሁ። ለወሬው ስል እኔው ያቆምኳት ናት፤ ስለዚህ ስም አላወጣላትም። የምትሄድበት መንገድና በልጇ ላይ የሚደርሰው ግን በየሆስፒታሉ ያለ እውነት ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ሦስተኛውን አርግዛለች። ሆዷ እንደ ቀድሞዎቹ አልገፋም። አማቷ፣ ልጆቹ "አኮ" የሚሏት፣ "ይህኛው ትንሽ ነው" አለች። ትንሽ መሆኑ አላስጨነቃቸውም፤ ትንሽ ልጅ ይቀላል፤ ምጡም አይከብድም።

የሆዷን ነገር ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጅ በማህፀን ውስጥ የሚንሳፈፍበት የእንሽርት ውሃ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ከእናቲቱ ነው። ከ16ኛው ሳምንት ወዲህ ግን አብዛኛው የልጁ የራሱ ሽንት ነው። ይሸናል፣ የሸናውን ይውጣል፣ መልሶ ይሸናል። የደሙን ቆሻሻ የምታነሳለት እንግዴ ልጅ ስለሆነች እንደ እኛ ሽንት የሚያስጸይፍ ነገር አይደለም። ሳንባውም የሚያድገው ይህን ውሃ ወደ ውስጥ እየሳበ፣ ወደ ውጭ እየመለሰ ነው። ውሃው ካነሰ ሳንባው ይጫጫል። ሽንት ለሳንባ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

እንግዲህ በአንዳንድ ወንድ ልጆች ላይ፣ ከፊኛው አንገት በታች፣ በሽንት ቧንቧው ውስጥ ስስ የሥጋ ሽፋን ይበቅላል። ሐኪሞች ፖስቲሪየር ዩሪትራል ቫልቭ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሂዩ ያንግ ከባልደረቦቹ ጋር በዓይነት በዓይነቱ ከፍሎ ጻፈው። ከ5000 እስከ 8000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱ ላይ ይገኛል። ሴት ልጅን አይነካም፤ የእርሷ ቧንቧ አሠራሩ ሌላ ነው። የመስኖ ቦይ አፉ ላይ አፈር ሲናድበት ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ፣ የልጁም ሽንት መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊኛው ለመግፋት ሲታገል ግድግዳው ይወፍራል። ከፊኛ ወደ ኩላሊት የሚወጡት ሁለቱ ቧንቧዎች ይለጠጣሉ። ኩላሊቶቹ በውሃ ይነፋሉ፤ ሥጋቸው ገና ሳይጎለምስ ይጎዳል። ወደ ውጭ የሚወጣው ሽንት ስለሚያንስ የእንሽርቱ ውሃም ይጎድላል። የዚያች እናት ሆድ ትንሽነት ትርጉሙ ይህ ነበር።

በአልትራሳውንድ የታየ የኩላሊት መለጠጥ ሁሉ ግን ይህ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ከመቶ እርግዝና ከአንድ እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ የልጁ ኩላሊት ትንሽ ተለጥጦ ይታያል፤ አብዛኛው ልጁ ሲወለድ ወይም ሲያድግ በራሱ ይስተካከላል። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ፣ ኩላሊቱ ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለ ጥበት ነው። ይህ በሴትም በወንድም ይመጣል። ሌላኛው ኩላሊት ደህና ስለሆነ ውሃው አይጎድልም፣ ሳንባም አይጎዳም። ተከታትሎ ከባሰ ጠባቡን ቆርጦ መልሶ መስፋት ነው። አንደርሰንና ሃይንስ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት ኦፕራሲዮን እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከመቶ ከዘጠና በላይ ይድናሉ። የኔ ወሬ ግን ስለ ክፉው ነው፤ ሁለቱንም ኩላሊት ስለሚይዘው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ትታይ ይላል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ተከታትለዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ደግሞ 28። የእኛዋ እናት ከብዙኃኑ ናት፤ ዘግይታ ነው የጀመረችው። አሰላ የሄደችው በሰባተኛው ወሯ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ "ሆድሽ አልገፋም፣ ይታይልሽ" ብላ ስለጨቀጨቀቻት ነው። ያቺን ልጅ አመስግኑልኝ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ብዙ ጊዜ በክትባትና በመጸዳጃ ቤት ቁጥር ይነገራል፤ ለኔ ግን ዋጋው እንዲህ ያለ ዓይን ነው። ሆዱን በእጇ ሳትነካ፣ በር ላይ ቆማ አይታ "ይህ አንሷል" ያለች ዓይን።

አልጋው ላይ ተኝታ፣ ቀዝቃዛው ጄል ሆዷ ላይ ፈሶ፣ እናቲቱ የጠየቀችው እናት ሁሉ የምትጠይቀውን ነው። "ወንድ ነው ሴት?" ብዙ ባለሙያ ይህን ጥያቄ እንደ ጨዋታ ያልፈዋል። ሥራ በሚበዛበት ቦታ አልትራሳውንድ የሚነሳው ልጁ በሕይወት መኖሩን፣ አንድ ወይም መንታ መሆኑን፣ አቀማመጡን፣ የእንግዴ ልጁን ቦታና የመውለጃውን ቀን ለማወቅ ነው። ኩላሊቱና ፊኛው ሳይታይ ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ ግን የእናቲቱ ጥያቄ የሐኪሙም ጥያቄ መሆን አለበት። ውሃ ቀንሶ፣ ፊኛው ሞልቶ ሳይጎድል የቆየ ፅንስ ወንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ሽፋን ነው። ሐኪሙ ማሳያውን ወደ ልጁ ሆድ አዞረ። ፊኛው ትልቅ ነው፤ ግድግዳው ወፍሯል፤ ከሥሩ የተለጠጠው ቧንቧ ተጨምሮበት ምስሉ የቁልፍ ቀዳዳ መስሏል። ሁለቱ ኩላሊቶች ላይ ውሃ አለ። የእንሽርቱ ውሃ አንሷል፤ ግን አልጠፋም።

"ወንድ ነው እህቴ" አላት። "ሽንቱ ግን መውጫ ጠቦታል።"

ይህን ሰምታ ቤቷ ስትገባ ወሬው ከአገር አገር ተሻገረ። አሜሪካ ያለ የባሏ ወንድም ደወለ። "እዚህ እኮ ማህፀን ውስጥ እያለ ያክሙታል!" አለ። እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በሳን ፍራንሲስኮ ማይክል ሃሪሰን ከባልደረቦቹ ጋር የእናት ማህፀን ከፍተው በ21 ሳምንት ፅንስ ላይ ለሽንቱ መውጫ አበጁ። ሽንቱ ወጣ፤ ልጁ ግን ተወልዶ በሳንባው ምክንያት አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ማህፀን ሳይከፍቱ በመርፌ ቀጭን ቱቦ ከልጁ ፊኛ ወደ እንሽርቱ ውሃ ማስገባት ተለመደ። ይጠቅማል ወይ ብለው በእንግሊዝ ፕሉቶ የሚባል ጥናት አደረጉ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። የሚሳተፉ እናቶች ስላነሱ ሳይሞላ ተቋረጠ፤ 31 ብቻ ነበሩ። ቱቦ ከገባላቸው 16 ልጆች 28 ቀን የኖሩት 8 ናቸው፤ ካልገባላቸው 15 ደግሞ 4። ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ የተገኘው ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ቱቦው ሳንባን ሊያተርፍ ይችላል፤ የተጎዳ ኩላሊትን ግን አይመልስም። ሰባተኛ ወሯ ላይ ላለች፣ ውሃዋ ላልጠፋ እናት ከዚህ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። ያንን ወንድም አልወቅሰውም፤ ፍቅር ነው ያናገረው። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤተሰቡ ልጃቸው ሊድንበት የሚችለው መንገድ አገራቸው ውስጥ የሌለ መሰላቸው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው እዚሁ አለ።

ምንድን ነው የሚያስፈልገው? አስቀድማ በሆስፒታል እንድትወልድ ቀጠሮ። እና ወረቀት። ሐኪሙ ያኔውኑ ጽፎላት ነበር፦ ወንድ ፅንስ፣ ፊኛ የወፈረ፣ ሁለቱም ኩላሊት የተለጠጠ፣ ሲወለድ ወዲያው ቱቦ ይግባለት። አጣጥፋ ከጤና መድን ደብተሯ ጋር በፌስታል ውስጥ ጨመረችው።

ምጡ ግን ከቀጠሮው ቀደመ። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጋሪ ፈልገው ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ልጁ አለቀሰ፣ ጡት ያዘ፣ ጨርቁም ረጠበ። ጨርቅ ሲረጥብ ማን ይጠረጥራል? አዋላጇ ስለ ወረቀቱ አልሰማችም፤ እናቲቱም በምጥ ሁከት ውስጥ ሆና አላነሳችው። ፌስታሉ ቤት ቀርቷል። በማግስቱ ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ልጁ ወደ ቤቱ ገባ።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ወገቡ እዚህ ነው። ሽፋኑ ቧንቧውን ሁልጊዜ ድርግም አድርጎ አይዘጋም። ልጁ ይሸናል። ግን አሸናኑ ሌላ ነው። ጤነኛ ወንድ ሕፃን ጨርቁ ሲነሳለት ሽንቱ ቅስት ሠርቶ ይወረወራል፤ ያጠበችውን እናት ፊት የሚመታበት ጊዜ አለ። ይህኛው ያምጣል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ወደ ፊት ሳይሄድ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። ከእምብርቱ በታች እጅ ቢያሳርፉበት ድቡልቡል ያለ ጠንካራ ነገር ይዳሰሳል፤ ከሸናም በኋላ አይጠፋም። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። "ሸንቷል ወይ?" የሚለው ጥያቄ አይበቃም። "ሲሸና አይታችሁታል ወይ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ወር ሲሞላው ልጁ ማስመለስ ጀመረ። ክብደት አልጨመረም። በሁለተኛው ወሩ ትኩሳት ያዘው። አኮ "ብርድ መትቶታል" አለች። በዚያ ደጋ የሽንት ሕመም ሁሉ ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ነው። ልጁን ደራርበው አለበሱት፣ እሳት ዳር አቆዩት። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ "ሲገረዝ ይተወዋል" አለች። ይህኛው ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ግርዛት እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ይቀንሳል። ሽፋኑን ግን አያነሳም፤ እርሱ ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ብርዱስ? ብርዱ የለበትም። ይህ ነገር የተሠራው ልጁ የጣት ርዝመት ሳለ ነው። እናቲቱ የበላችውም፣ የተሸከመችውም፣ የተቀመጠችበትም አላመጣውም። በየቤቱ እናት በዚህ ስትወቀስ ስለምሰማ ደግሜ እለዋለሁ፤ እርሷ አላመጣችውም።

በመጨረሻ ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለክትባት ስትመጣ ልጁን አየችው። "ወረቀቱስ?" አለች። ፌስታሉ ከግድግዳ ወረደ። በዚያው ቀን ወደ አሰላ ወረዱ።

አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው፤ ከአርሲ ደጋ የታመመ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ልጁን ተቀብለው መጀመሪያ ያደረጉለት ነገር ከሁሉም ትልቁ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ትንሹ። ለሕፃናት በአፍንጫ ወተት የሚሰጥባት ቀጭን ቱቦ አለች፤ በዋርድ ኤንጂ ቲዩብ ይሏታል። 2 ሚሊሜትር ያህል ነው ውፍረቷ። እርሷን ታጥቦ በተዘጋጀው የሽንት ቀዳዳው በኩል ቀስ አድርገው ያስገባሉ። ጫፏ ላይ ኳስ ያለባት የተለመደችው ካቴተር ለእንዲህ ያለ ልጅ አትመረጥም፤ ኳሷ የወፈረውን ፊኛ ታስቆጣለች። ቱቦዋ የፊኛውን አንገት ስታልፍ የተጠራቀመው ሽንት መውረድ ጀመረ፤ ደፍረስ ያለ፣ የሚሸት። በፕላስተር ጭኑ ላይ አሰሯት። ቫልቭ የሚባለው ሽፋን አሁንም በቦታው አለ፤ ሽንቱ ግን በቱቦዋ ውስጥ አለፈው። ልጁ የመጀመሪያ እፎይታውን አገኘ።

ቤተሰቡ "ዳነ!" ብሎ ሲተነፍስ ሐኪሞቹን ግን ገና ፍርሃት ያዛቸው። ለወራት የተጨነቀ ኩላሊት በድንገት ሲለቀቅ ውሃና ጨው መያዝ ያቅተዋል፤ ሽንቱ ይጎርፋል፤ ልጁ ሽንቱ እየወረደ በድርቀት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የገባውና የወጣው በየሰዓቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል፣ የጎደለው በግሉኮስና በጨው ውሃ ይተካል፣ ለትኩሳቱ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሲስተሯ ለእናቲቱ ምልክት ያለበት ኩባያ ሰጥታ "እናቴ፣ የሚወጣውን አንቺም ጻፊ" አለቻት። መጻፍ አትችልም ነበር፤ በክር ቋጠሮ ቆጠረችው። ሲስተሯ ቋጠሮውን እያየች ቻርቱ ላይ ሞላች።

ከዚያ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ወዳሉባቸው ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ። ፊኛው ውስጥ ቀለም ሞልተው ሲሸና ራጅ ያነሱታል፤ የተለጠጠው ቧንቧና ጥበቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሽንት ቀዳዳው በኩል ቀጭን ካሜራ ያለው መሣሪያ አስገብቶ ሽፋኑን መተርተር ነው፤ የልጁ ሆድ አይቀደድም። ለዚህ ግን ለሕፃን የሚሆን ቀጭን መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ትልቁን በግድ ማስገባት ቧንቧውን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል። መሣሪያው ከሌለ ወይም ልጁ እጅግ ትንሽ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ አለ፦ ከእምብርት በታች የፊኛውን ግድግዳ ከሆድ ቆዳው ጋር ሰፍቶ ትንሽ አፍ ማበጀት። ሽንቱ በዚያ ወደ ጨርቁ ይወርዳል። ቱቦ የለው፣ ከረጢት የለው፤ እናት የምታደርገው ጨርቅ መለወጥና ዙሪያውን ቅባት መቀባት ብቻ ነው። ልጁ ሲያድግ ሽፋኑ ይነሳለታል፤ አፉም ይዘጋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ "ሆዱን በስተው ላኩት" ይላል። እኔ ግን ከበቆጂ በላይ ለሚኖር ልጅ ይህ ያነሰ ሕክምና ነው ብዬ አላምንም። መብራት ሲጠፋም፣ መንገድ ሲዘጋም ይሠራል፤ ለኩላሊቱም ጊዜ ይገዛለታል።

ኩላሊቱ ምን ያህል እንደተረፈ በደም ይታያል። ክሬያቲኒን የሚባለው ልኬት በተወለደ ሰሞን የእናቱን ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ይደጋገማል። ሽንቱ ከተለቀቀ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ወርዶ ከ0.8 ሚሊግራም በታች ከደረሰ ተስፋው ጥሩ ነው። ከ1 በታች አልወርድ ካለ ዓመታት ቆይቶም ቢሆን ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል። የእኛው ልጅ በመካከል ነው የቆመው። እንደተወለደ ቱቦዋ ብትገባለት የት ይቆም እንደነበር ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ ሁለቱ ወራት ግን በነጻ አላለፉም።

ሽፋኑ ተነሳ ማለት በሽታው አለቀ ማለት አይደለም። በማህፀን ሲታገል የወፈረ ፊኛ እልከኛ ሆኖ ይቀራል፤ ሞልቶም ላይሰማው፣ ሸንቶም ላይጨርስ ይችላል። ልጁ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መሽናት፣ ሸንቶ ጥቂት ቆይቶ መድገም ይኖርበታል። ያልሆነለት በቀን ጥቂት ጊዜ ንጹሕ ቱቦ በራሱ እጅ እያስገባ ያወጣዋል፤ ጃክ ላፒደስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ካስተማረ ወዲህ ብዙ ኩላሊት ተርፏል። እንግዲህ አስቡት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ እጁን አውጥቶ "ሽንት ቤት ልሂድ" ሲል "ተቀመጥ!" የሚለው መምህር ሳያውቅ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው። ሌሊት አልጋ ሲያረጥብ የሚመታ አባትም እንዲሁ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ነገሩን ማስረዳት እንደ ኦፕራሲዮኑ ሁሉ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ለትምህርት ቤቱ ቢልክ እወዳለሁ። ኩላሊታቸው ከነአካቴው ለሚደክምባቸው እጥበት አለ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በቅዱስ ጳውሎስ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህም ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት የሚኖሩ ወገኖች አሉ። ወደዚያ ሳይደርሱ መቆየት ግን ከሁሉ ይሻላል። ለዚህም ልጁ በየጊዜው የደም ግፊቱ ይለካል፣ ሽንቱ ይመረመራል፣ አልትራሳውንድ ይነሳል፤ ጎልማሳ እስኪሆን።

እናቲቱ ለክትትል አሰላ በተመለሰችበት ቀን ልጁን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ፌስታሏን በእጇ ይዛ ነበር። አሁን ውስጡ የአዲስ አበባው ወረቀት፣ የራጁ ውጤት፣ የደሙ ቁጥሮች፣ የመጀመሪያዋም ወረቀት አሉ። ሐኪሙ አይቶ ጨረሰና ጥያቄ እንዳላት ጠየቃት።

"ዶክተር፣ ሌላ ብወልድስ? ይደግመኛል?"

"ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ቤተሰብ የሚወርድ አይደለም" አላት። "ግን ካረገዝሽ እስከ ሰባተኛ ወር አትቆዪ። በአምስተኛው ወር ነይና ታዪ። ወንድ ከሆነ ፊኛውንና ኩላሊቱን እዩልኝ በይ፤ የዚህን ልጅ ወረቀትም አሳዪያቸው።"

ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ አስወርዶ አልጋው ላይ አስተኛውና ጨርቁን ፈታ። ሲሸና እስኪያየው ድረስ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ይቅርታ ጠይቆ ቆመ።